ያልመረጠ ይቀጣ ላልሽው

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «መምረጥ ግዴታ ይሁን፣ ያልመረጠ ይቀጣ» ያልሽውን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

ከሕጋችን ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 መምረጥን መብት ብሎ ነው ያስቀመጠው። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆንን፣ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ይህችን ስድስት ወር ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁልጊዜ የምትጠቅሺልኝ አውስትራሊያን ነው። እውነትሽን ነው፣ እዚያ ሠርቷል። በፈረንጆቹ 1922 ለምርጫ የወጣው ከተመዝጋቢው 60 በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ1924 ሕጉ ወጣ፤ በ1925 ቁጥሩ ከ91 በመቶ አለፈ። ቅጣቱ ግን 20 የአውስትራሊያ ዶላር ብቻ ነው፣ እሱም በአንዴ አይጣልም። ከምርጫው በኋላ ስሙ መዝገብ ላይ ምልክት ያልተደረገበት ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል። መርጦ ከሆነ መርጫለሁ ይላል፣ በቂ ምክንያት ካለው ይጽፋል፣ ከሌለው 20ውን ይከፍላል። ምርጫው ቅዳሜ ነው። ቀድሞ መምረጥ ይቻላል፣ በፖስታ መላክ ይቻላል፣ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ሳጥኑ ያለበት ድረስ ይሄድለታል። የብዙውን ሰው ስምና አድራሻ መዝገብ ላይ የሚያስገባውና የሚያድሰውም የምርጫ ኮሚሽኑ ራሱ ከሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሚያገኘው መረጃ ነው። ዜጋውን «ና!» ብሎ ያስገደደ መንግሥት መንገዱን የመጥረግ ዕዳ ገብቷል ማለት ነው፤ እነሱም ዕዳቸውን ከፍለዋል። አንቺ ቅጣቷን ብቻ ነጥለሽ ልታመጪልን ነው።

የባሰው ደግሞ የቺሊ ነገር ነው። በፈረንጆቹ እስከ 2012 ድረስ እዚያ ድምፅ መስጠት ግዴታ፣ መመዝገብ ግን በፈቃድ ነበር። አንዴ የተመዘገበ ሰው ዕድሜ ልኩን ግዴታ ይወድቅበታል። ወጣቱ ምን አደረገ? ሳይመዘገብ ቀረ። ቀስ በቀስ መዝገቡ የሽማግሌ መዝገብ ሆነ። በ2012 ገለበጡት፤ ምዝገባው በራሱ የሚሆን፣ ድምፁ በፈቃድ። ያኔ ደግሞ የሚወጣው ሰው ከግማሽ በታች ወረደ። በ2022 የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረጉ፤ ሁሉም ተመዝጋቢ፣ ሁሉም ግዴታ ያለበት። 86 በመቶ ያህል ወጣ።

አሁን ወደ እኛ አገር አምጪው። በእኛ አቆጣጠር በ2013ቱ ምርጫ ምዝገባው እንደ አዲስ ነው የተካሄደው፤ ሰውየው በእግሩ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ካርድ ካላወጣ የለም። ጊዜው ተራዝሞም ብዙ ሰው ሳይመዘገብ ቀርቷል። በዚህ ላይ ቅጣት ጨምሪበት፦ ካርድ ያወጣው ይቀጣል፣ ያላወጣው በሰላም ይኖራል። የቺሊ ወጣት የገባው የአራብሳ ወጣት አይገባውም?

ስለ ቁጥርም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። «ይህን ያህል በመቶ ወጣ» ሲባል ሒሳቡ የሚሠራው ከተመዘገበው ነው። ጭራሽ ያልተመዘገበው ከላይም ከታችም አይቆጠርም። ስለዚህ መቶኛው ከፍ ቢል እንኳ ከአንድ ብሎክ ውስጥ ስንት ሰው ከነጭራሹ እንደቀረ አይነግርሽም።

ስድስት ወሯን አሁን አውጪያት። ከተማው ዳር ላይ ያለ ተከራይ አከራዩ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ይለቃል፤ ከአራብሳ ሰሚት፣ ከሰሚት ጀሞ። መታወቂያው ግን ከእሱ ጋር አይሄድም። መሸኛ ከቀድሞው ወረዳ ማውጣት አለበት፣ ከዚያ በአዲሱ ወረዳ ኗሪ መሆኑን ማስረዳት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ የኪራይ ውል ይጠየቃል። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዟል፤ በቃል የተከራየ ግን ዛሬም ሞልቷል። ሰው ቤት የምትሠራውን ልጅ ደግሞ አስቢያት። ከገጠር መጥታ ዓመት ኖራለች፣ መታወቂያ የላትም፤ በሰፈሩ እንደምትኖር በሰው ምስክርነት መመዝገብ እንደሚቻል የሚነግራትም የለም። ሃያ አራት ሰዓት የሚውል የሚያድር ጥበቃስ? እነዚህ ናቸው የሚቀጡት። ቅጣቱ ትንሽ ነው አትበይኝ፤ ትንሽ የሚሆነው ለእኔና ለአንቺ ነው።

ፋይዳ፣ አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ይፈታዋል ትይኝ ይሆናል። ፋይዳ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፣ የውጭ ዜጋም ያገኘዋል፤ ማን መሆንሽን እንጂ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን አያረጋግጥም። ይረዳል፣ ለብቻው ግን መራጭ አያደርግም።

ሰልፉን ደግሞ በሒሳብ እዪው። አንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1500 መራጭ ይመዘግባል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት 720 ደቂቃ ነው። ሁሉም ቢመጣ በደቂቃ ከሁለት ሰው በላይ ማስተናገድ ይጠበቃል፦ ካርድ ማየት፣ ስም መፈለግ፣ ማስፈረም፣ ጣት ላይ ቀለም መቀባት፣ ሁለት ወረቀት መስጠት፣ ማስረዳት። ማንበብ የማይችል አዛውንት ሲመጣ ብቻ ስንት ደቂቃ ይሄዳል! ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፉ አላልቅ ብሎ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ ሦስት ተራዝሟል፤ ያውም ያለ ምንም ግዴታ። የቀን ሠራተኛ በዚያ ሰልፍ ሙሉ ቀን ሲቆም የቀን ምንዳውን አጥቶ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ቀጪው ማን ይሆናል የሚለው ነው። በብራዚል ያልመረጠና ምክንያቱንም ያላስረዳ ሰው ቅጣቱን እስኪከፍል ፓስፖርት ማውጣት አይችልም። እኛ ዘንድ ይህ ሥልጣን የሚወርደው ወረዳ ላይ ነው፤ መታወቂያ፣ የልደት ወረቀት፣ መሸኛ የሚሰጠው ያው መስኮት ላይ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስም እየጠራ ሰው ስብሰባ ሲያስወጣ የኖረበት አገር ነው፤ ሰዉ አልረሳውም። መጥተህ ምረጥ የሚለው ትእዛዝ ማንን ምረጥ ወደሚለው ሳይንሸራተት እንዲቆይ፣ መጋረጃው ውስጥ ያለውን ማንም እንደማያይ፣ ባዶ ወረቀት አጥፎ መክተትም እንደማያስቀጣ ሰው አምኖ ማደር አለበት።

ሐቅሽን ግን አልነጥቅሽም። ሆላንድ በፈረንጆቹ 1970 ግዴታውን ስታነሣ 95 በመቶ ገደማ የነበረው በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ወደ 79 ወረደ። ግዴታ ሲነሣ ቀድሞ ቤቱ የሚቀረው ድሃውና ወጣቱ ነው፤ ድምፅ የማይሰጥ ሰፈር ደግሞ ውኃውም አስፋልቱም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው ክርክሩን ጨርሼ የማልዘጋው። መጀመሪያ መታወቂያው ሰውየውን ይከተለው፣ ምዝገባው ደጁ ይምጣለት፣ ጣቢያው ይብዛ፤ ስለ ግዴታ ያኔ አብረን እናውራ።

አንቺም ጀሞ ከገባሽ አራት ወር ሆኖሻል፣ መታወቂያሽ ግን ዛሬም አራብሳ ነው። በሥራ ቀን አስፈቅደሽ ነይና መሸኛውን እናውጣ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶና ዋናውን መታወቂያ አትርሺ። አከራይሽም ውሉን ወረዳ ወስደው ማስመዝገባቸውን ሳትጠይቂ እንዳትመጪ።

እናትሽ
ከቦሌ አራብሳ