«ምን ልበለው?» ላልሽው

ውድ ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ ስልክሽን ተሰርቀሽ ስትገቢ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «የት አስቀምጠሽው ነበር?» የሚል ሆነ። «አንቺስ ደህና ነሽ?» ማለት ነበረብኝ። እናትሽ ገላመጠችኝ። አንቺም ምንም ሳትይ ክፍልሽ ገባሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፊት ለፊት ልነግርሽ ስሞክር ወይ እቆጣለሁ፣ ወይ ወሬው ወደ ሌላ ይሄድብኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁን ብዬ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና በጥቅምት «ለእድሩ ድንኳን መዋጮ ከፈልኩ» ያልኳችሁ 3,000 ብር አለ አይደል? ለእድር አልከፈልኩም። ተሰርቄ ነው።

የጡረታ ብሬን ተቀብዬ ከፖስታ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከጎኔ ሲያልፍ ምራቁን ጃኬቴ ላይ ተፋ። ወዲያው ድንግጥ አለ። «ውይ ፋዘር! ይቅርታ! አላየሁዎትም!» ሶፍት አወጣና ይጠርገኝ ጀመር። ሌላ ልጅ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ደርሶ ይሰድበው ገባ። «አንተ ባለጌ፣ ትልቅ ሰው ላይ!» እያለ እሱም በሌላው በኩል ይጠርገኛል። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «ተው አትቆጣው፣ ሳያውቅ ነው፣ ልጅ ነው።» ለገዛ ሌባዬ ጠበቃ ቆምኩለት! መርቄያቸው ነው የተለያየነው። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ደርሼ ማኪያቶ ልጠጣ ብዬ ኪሴን ስዳብስ ባዶ ነው።

እንግዲህ እኔ 22 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት የቆረጥኩ ሰው ነኝ። ኪስ አውላቂን ከአረማመዱ ለይቼ አውቃለሁ ብዬ ስንቱ ፊት ጉራዬን ነፍቻለሁ። ለማንም ያልተናገርኩት ለዚያ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን የገረመኝ የልጆቹ የእጅ ፍጥነት አይደለም። ኪሴ ከመግባታቸው በፊት ይሉኝታዬ ውስጥ ገብተው ነበር። አንድ ሰው ይቅርታ እየጠየቀኝ እጁን እንዴት ልመንጭቀው? እንዴት «ዞር በል» ልበለው? እነሱ ይህንን ከኔ በተሻለ ያውቃሉ።

አሁን ያንቺን ማክሰኞ እንየው። ለእናትሽ ስትነግሪያት ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሜክሲኮ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሰልፉ ራቅ ብሎ፣ ተራ አስከባሪ በሌለበት፣ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ታፔላ የለውም። «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ጋቢና አለ!» ውስጡ ሦስት አራት ወንዶች ብቻ ናቸው። አጠገብሽ ያለው ሰውዬ ጃኬቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጓል። ትንሽ እንደሄዳችሁ ሹፌሩ «እህት፣ በሩ አልገጠመም፣ ጠንከር አድርገሽ ሳቢው» አለሽ። በሁለት እጅሽ ሳብሽ። ሰውዬውም ሊያግዝሽ በላይሽ ላይ ተንጠራራ። ወዲያው «ውይ፣ ትራፊክ! ይቅርታ እህት፣ ውረጂልኝ» ተባለ። የከፈልሽውንም መለሱልሽ።

ልጄ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ መቼ ነው ሳይጠየቅ ብር የመለሰው? ለአንድ ብር መልስ ስንት ጊዜ ከረዳት ጋር ተጨቃጭቀናል! በዚህች እንኳን ትንሽ ሳቂ።

ለእናትሽ ያልሻት አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ከነከነኝ። «ሰውዬው በጣም ተጠጋኝ፣ ግን ምን ልበለው?» አልሻት። ልብሽ ነግሮሽ ነበር ማለት ነው። «ምን ልበለው» የምትለዋን ነገር ደግሞ ያወረስኩሽ እኔ ነኝ። ሰው አታስቀይሚ፣ አትገላምጪ፣ የሰው ፊት አትንሺ እያልኩ አሳደግኩሽ። ደግ አደረግኩ፤ አልጸጸትም። ግን ከቤት ስትወጪ ግማሹን እዚሁ ትተሽው ውጪ። ሰው ሲጠጋሽ «ጠጋ አይበሉኝ» በይ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። ተሳስተሽ ከሆነ ሰውዬው ይቀየማል፣ በቃ። መቀየም አይገድልም። ነገሩ ካላማረሽ «ወራጅ አለ!» ብለሽ ውረጂ። ሂሳብሽ ቢቀር ይቅር። ለምን እንደወረድሽ ማንም የመጠየቅ መብት የለውም።

ከአውቶቡስ ዘመኔ ትንሽ ላካፍልሽ። ኪስ አውላቂ ብቻውን አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ያወልቃል፣ አንዱ ይቀበላል። የሚዘጋው በሩ ላይ ሲደርስ ድንገት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ይላል። ወይ ሳንቲም ይጥላል። ከኋላ ያለው ሕዝብ ይጋፋል። ሥራው እዚያች ጋ ያልቃል። ዕቃው ወዲያው ለሦስተኛው ስለተላለፈ፣ ያወለቀውን ሰው አንገቱን ብታንቂውም ኪሱ ባዶ ነው። «ፈትሹኝ!» ብሎ ይምልልሻል። እውነቱንም ነው። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ መሳፈሪያውና መውረጃው ላይ ነው። ስትሳፈሪ ስልክሽም ቦርሳሽም ከፊትሽ፣ እጅሽ በላዩ ላይ። ሂሳብሽን ቀድመሽ ለይተሽ ያዢ። በር ላይ ቆመሽ የገንዘብ ቦርሳ አትክፈቺ። ከገባሽ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።

አንድ ሞኝነቴን ደግሞ ስሚ። ጀማሪ እያለሁ ሌባ መግባቱን ሳውቅ «ንብረታችሁን ጠብቁ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነው ወደ ጎን ጠርቶ «አንተ ልጅ፣ ለነሱ ነው እንዴ የምትሠራው?» ያለኝ። አልገባኝም ነበር። ለካ እኔ በጮህኩ ቁጥር ተሳፋሪው በሙሉ ገንዘቡ ያለበትን ቦታ ይነካል። አንዱ ደረቱን፣ አንዷ መቀነቷን። ሌባው ቁጭ ብሎ ያያል። አንቺም በመንገድ ስትሄዲ በየደቂቃው ቦርሳሽን አትዳብሺ። አንዴ ደህና ቦታ አስቀምጪው፣ ከዚያ እርሺው።

ስለ መጮህ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። አንድ ክረምት አንዲት ሴትዮ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የቆመው አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ልብሱ ያደፈ ነበር፤ ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው። ለሹፌሩ «በሩን እንዳትከፍት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ወረደበት። ፖሊስ እስኪደርስ ፊቱ አይታወቅም ነበር። በኋላ የሴትዮዋ ቦርሳ ሲፈተሽ ገበሩ ተቀዶ ኖሯል። የገንዘብ ቦርሳዋ ገበሩ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ልጁ ምንም አላለም፤ ጫማውን ፈልጎ ወረደ። እስካሁን ክረምት ሲመጣ ትዝ ይለኛል። ዕቃ ሲጠፋብሽ ከመጮህሽ በፊት ቦርሳሽን እስከ ገበሩ ፈትሺ። ሰው አንቺን ሲይዝሽ ወይም ሲጎትትሽ ግን ያለሽን ድምፅ ሁሉ አውጪ። እዚያ ላይ ይሉኝታ የለም።

አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደምቋል። አራት ኪሎና ፒያሳ ማታ ማታ ሰው እየተዝናና ሲሄድ ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም ስልኩን እንደ ጧፍ ከፊቱ አብርቶ ነው የሚሄደው። በ2011 መጨረሻ ላይ ከተማ አስተዳደሩ ሞተር ሳይክልን ሲያግድ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ንጥቂያ እንደነበር ታስታውሻለሽ። በአስፋልት በኩል ባለው እጅሽ ስልክ አትያዢ። መደወል ካለብሽ ሱቅ በር ላይ ቁሚ፣ ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪ። ቦርሳሽን ከጎተቱት ልቀቂው። ስለት ያለው ከመጣ ስልኩን ስጪና ሂጂ። በዚህ አልከራከርሽም።

በኔ ጊዜ ሌባ የሚወስደው ኪስ ውስጥ የተገኘውን ነበር። አሁን ስልክሽን የያዘ ቴሌብርሽንም፣ ባንክሽንም፣ ቴሌግራምሽንም ይዟል። የጎረቤታችን ልጅ ስልኳ የተሰረቀ ዕለት ለሃያ ጓደኞቿ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት በስሟ ሄደ። ሁለቱ ላኩ። እነሱም ይሉኝታ ይዟቸው ደውለው ሳይጠይቁ ነው እኮ።

ማክሰኞ ዕለት እስክትረጋጊ ሁለት ሰዓት አለፈ። አልፈርድብሽም፣ ግን ያች ጊዜ ውድ ናት። መጀመሪያ የማንንም ስልክ ለምነሽ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውዪና ሲምሽን አዘጊ። ቀጥሎ ለቴሌብር 127። ከዚያ ባንክሽ። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ማግስቱን ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ማስረጃ ታወጫለሽ፤ በተለይ መታወቂያ አብሮ ከጠፋ ያለዚያ ወረቀት የትም አትደርሺም። ለድንገተኛ ነገር የፖሊስ ቁጥር 991 ነው። ይህችን በጭንቅላትሽ ያዢያት፤ ስልክሽ ላይ መዝግበሻት ስልክሽ ሲጠፋ ምን ልታደርጊ ነው? የኔንም ቁጥር በቃልሽ አጥኚ። ማክሰኞ ዕለት እንደማታውቂው ገብቶኛል። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

አዲስ ስልክ ስትገዢ ከሱቅ ይሁን። መንገድ ላይ በግማሽ ዋጋ «አይፎን አለ» የሚልሽ ሰው የሌላ ሴት ልጅ ማክሰኞ ነው የሚሸጥልሽ። ወይ ደግሞ ቤት ስትደርሺ ካርቶኑ ውስጥ ሳሙና ታገኛለሽ። ገዝተሽ እንደገባሽ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ንኪ። 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ የስልኩ መለያ ነው። ደብተር ላይ ጽፈሽ ለኔ ስጪኝ። ሲምሽ ላይም የሚስጥር ቁጥር አድርጊበት፤ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢከተው እንዳይከፈትለት። ስክሪኑ ተቆልፎ እያለ መልእክት እንዳይታይ አድርጊው፤ ባንክ የሚልከውን ቁጥር ማንም ሳይከፍት እንዳያነበው። ቴሌግራምሽ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሪ። አንቺ ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ፣ ስላላደረግሽው ነው እንጂ። ደግሞ ደውሎ «በስህተት ብር ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ» የሚል ሲያለቃቅስብሽ፣ በመልእክቱ ሳይሆን ሂሳብሽን ራሱን ከፍተሽ እዪ። ገብቶ ከሆነ በባንኩ በኩል ይመለስለታል። የሚስጥር ቁጥርሽን የሚጠይቅሽ ማንም ይሁን ማን፣ «ከባንክ ነው» ቢልሽም ዝጊው። ደህና ዋሉ ማለት አያስፈልግም።

ወደ ናይሮቢው ጉዞሽ ልምጣ። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ በሩ አይዘጋም፤ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። «እዚያ ለምትኖረው ልጄ ትንሽ በርበሬ፣ ትንሽ ሽሮ፣ ይህችን ቡና» ይባላል። አደራ ነው፤ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንቀበላለን። ግን ታሽጎ የመጣ ነገር አይገባም። አምጪው ፊት ይከፈታል፣ እንደገና የምናሽገው እኛ ነን። ማን ይቀየማል? አክስትሽ ትቀየም ይሆናል። እኔ አለሁላት፣ «አባቴ ነው ያለው» በያት።

ቦሌ ሰልፍ ላይ ደግሞ «እህቴ፣ ኪሎ ተርፎሻል? ይህችን ብቻ ያዢልኝ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ነጠላ የለበሰች እናት ልትሆን ትችላለች። ልብሽ ይራራል። መልስሽ አንድ ነው፤ «አልችልም።» «ይቅርታ፣ ምክንያቱም...» ብለሽ አትጀምሪ፤ ምክንያት ስትደረድሪ መልስ ይደረደርልሻል። ሻንጣሽ ውስጥ የተገኘ ነገር ያንቺ ነው፤ ባለቤቱ ያን ጊዜ የትም አይገኝም። የሰው ሻንጣ ይዘው ሰው አገር እስር ቤት የቀሩ ልጆች አሉ።

ሌላው ቀላል ነው። ፓስፖርትሽ ከአካልሽ አይለይ፤ ቅጂውን ሌላ ቦርሳ ውስጥ አድርጊ፣ አንዱን ለኔ ተይልኝ። ገንዘብሽን ሁለት ቦታ ክፈዪው። ፓወር ባንክሽ በእጅ ቦርሳሽ ነው የሚሄደው፤ ከሚረከቡሽ ሻንጣ ውስጥ ካገኙት ያስወጡሻል፣ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ። የኢትዮጵያ ኤምባሲን አድራሻ በወረቀት ጻፊ። የሆቴል ክፍል ቁጥርሽን ለሰው አትንገሪ። ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ ግን ከታክሲ መስኮት አጠገብ ሆነሽ አይደለም፣ ክፍልሽ ከገባሽ በኋላ።

ለአዲሱ ስልክ ትንሽ ነገር አስቀምጫለሁ። መጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ነው፣ ውሰጂው። ይህን ደብዳቤ ግን ለእናትሽ እንዳታሳያት። የድንኳኑን ነገር ራሴ እነግራታለሁ። ከፋሲካ በኋላ።

አባትሽ