የጃኬቱ ባለቤት ሆይ፣ የት ነህ?

አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ካለችው የስፌት ቤቴ ነው። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቼ እንደገና ካስነሳሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ጡቴ ላይ እብጠቱን ካገኘሁት ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ። ቀዶ ጥገናውም ኬሞውም አልፏል። ፀጉሬ እንኳ ተመልሷል፤ ድሮ ዞማ የነበረው አሁን ጥቅልል ብሎ ነው የበቀለው፣ ልጆቼ ይስቁብኛል።

የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው። የአንዲት ሰም ነገር ግን ይቅደም።

የመጀመሪያው የናሙና ውጤት «ካንሰር ነው» ብሎ እዚያው ቆመ። ሐኪሜ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና «ይሄ አይበቃኝም። ምን እየበላ እንደሚያድግ ማወቅ አለብኝ» አለች። እኔ ካንሰር ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ከአስር የጡት ካንሰር ሰባቱ ያህል ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ሪሴፕተር አለው፤ ሆርሞኑ እዚያ ሲያርፍ ሴሉ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሄር-ቱ የሚሉት ደግሞ ከሴሉ ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ሌላ የእድገት ምልክት ተቀባይ ነው፤ እሱ ከልክ በላይ የበዛበት ካንሰር መድኃኒቱም ለብቻው ነው።

ለዚህ ምርመራ መጀመሪያ የላክንበት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁለት ወር አስጠብቆ «ናሙናው አልደረሰንም» አለን። ያን ቀን ያለቀስኩትን ካንሰር ነው የተባልኩ ቀን አላለቀስኩም። ደግነቱ እዚህ ላቦራቶሪ አንዲት ናሙና ቀርታለች። የላቦራቶሪው ልጅ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት፦ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ፕላስቲክ፣ ውስጧ ሻማ የመሰለ ሰም፣ ከሰሙ መሃል ጥፍር የምታህል ነጣ ያለች ሥጋ። የእኔው ሥጋ። «ፀሐይ ላይ፣ መኪና መስታወት ሥር እንዳትቀመጥ፤ ሰሙ ይቀልጣል» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ወንድሜ፣ ማስጠንቀቂያህ ጭምር ባለውለታዬ ነው።

ቁስሌ ስላልዳነ አዲስ አበባ ራሴ መሄድ አልቻልኩም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ሄጄ ለማላውቀው ሹፌር ነገሩን ነገርኩት። ገንዘብ ስዘረጋለት «እህቴ፣ ለሰው ነው ታሪፍ ያለው፤ ለሥጋሽማ አላስከፍልም» አለና ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር፣ ጥላው ላይ አስቀመጠልኝ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር በሸሚዝ ነዳ፤ የጣርማ በርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ አበባ እህቴ ተቀበለችው።

ውጤቱ መጣ። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር 90 በመቶ፣ ፕሮጀስትሮን የሚባለው የሌላው የሴት ሆርሞን ተቀባይም አለው፣ ሄር-ቱ አንድ ፕላስ፤ ይህ የመጨረሻው ኔጌቲቭ ማለት ነው። ሐኪሜ ፈገግ ስትል ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከኬሞው በኋላ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት። «የሆርሞን መድኃኒት» መባሉ ጉድ አፈላ። ሰፈሩ «ካንሰሯ በሆርሞን እያደገ ጭራሽ ሆርሞን ሊሰጧት!» አለ፤ እኔም አመንኩ። ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን የሚለበልበው ወላፈን ሲጨመርበት፣ በሐምሌ ጦሳ ጉም ለብሶ እኔ መስኮት ከፍቼ ሳድር፣ ኪኒኑን ተውኩት። ሦስት ሳምንት።

ያስመለሰችኝ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት። ወሩ ሞልቶ ስቀር ስልክ ደውላ ለሐኪሜ አሳልፋ ሰጠችኝ። ሐኪሜም አልተቆጣችም። «ግቢያችሁ ስንት ቆጣሪ አለው?» አለችኝ። አንድ። «ታሞክሲፈን ሆርሞን አይደለም፤ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፣ መስመሩን ይቆርጣል። መብራት ሲቆረጥባችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?» ከጎረቤት ገመድ እንቀጥላለን። «ሴሉም አንዳንዴ እንደዚያው ነው። ሄር-ቱንና መሰሎቹን የእድገት ተቀባዮች አብዝቶ በዚያ በኩል ይቀጥላል። ለዚህ ነው በየቀጠሮው የምፈልግሽ።» ከማህፀኔ ደም ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ፣ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝልኝም እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ።

ይህ የታወቀው በምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ በጡት ካንሰር ከታመመች መነኩሴ የተወሰዱ ሴሎች ኤምሲኤፍ-7 ተብለው እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይራባሉ። ኢስትሮጅን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ታሞክሲፈን እንዴት እንደሚገታ ብዙው የተጠናው በእነሱ ላይ ነው። ሄር-ቱ ሲበዛባቸው ታሞክሲፈን እንደሚያቅተውም እዚያው ታይቷል። እሷ መነኩሴ፣ እኔ ሙስሊም፤ የሷን ሥጋ ማን ጠቅልሎ እንደተሸከመላት እንጃ። ዱዓዬ ውስጥ አስገብቻታለሁ።

የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቶቼ፣ በጾማችሁም በሶላታችሁም ለያዛችሁኝ፣ ያኑርልኝ። እትዬ፣ ቶናው ሲቀዳ «ኪኒኑን ዋጥሽ?» ማለትዎን እንዳይተዉ፤ ገና አራት ዓመት ይቀረኛል። ባለቤቴም ወጥ መሥራት ተማረ፤ ጨው ላይ ገና ነው።

አንተ ሹፌር፣ ስትመለስ ዚፑ የተበላሸውን ጃኬትህን ልስፋልህ ብዬ ለምኜ በልጄ እጅ ተቀበልኩህ። ኬሞው ጀመረኝ፣ ቤቱ ተዘጋ፤ አሁን ስደውል ስልክህ አይሠራም፣ መናኸሪያም «መስመር ቀይሯል» አሉኝ። ዚፑ ገብቷል፣ የክርኑን ቅዳጅም ደርቤ ሰፍቼዋለሁ። በሩን እንዳለፍክ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ና ውሰደው።