ረሃቡ ከመርሳቱ ይቀድማል፦ ለዓለም ጤና ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት በሽታን ጉዳይ ለያዛችሁ ኃላፊዎች፣

እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። ለዓመታት ከክትትሏ ቀርታ አታውቅም። በሄደች ቁጥር ጣቷን ወግተው ስኳሯን ይለካሉ፣ ግፊቷን ያያሉ፣ እግሯን ይፈትሻሉ። «ነገር መርሳት ጀምረሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እኛ ልጆቿም አልጠየቅናትም። የባነንነው ስሜን ልትጠራ ብላ ሲጠፋባት ነው። ያኔ ነገሩ ርቆ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ገደማውን ብቻውን ይወስዳል። ዋናው ምግቡ ግሉኮስ የሚባለው የደም ስኳር ነው። ይህ ነው የሚባል ስንቅ ስለሌለው ደም ሳያቋርጥ ማድረስ አለበት። ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ዋነኛው የሆነው አልዛይመር የያዘው አንጎል ይህን ግሉኮስ እንደ ድሮው መጠቀም ያቅተዋል። ስኳሩን ከደም ወደ ውስጥ የሚያሻግሩት ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ። በሴሎቹ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ ይደክማል። ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽም ይቀዘቅዛል።

እናቴ ደሟ ውስጥ ስኳር ሞልቶ አንጎሏ ይራባል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ማንም ይህን ሰምቶ ስኳር ልጨምርላቸው እንዳይል። ችግሩ የስኳር እጥረት አይደለም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ጊዜው ነው። አልዛይመር በዘር በሚወርድባቸው ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አለ። የአንጎል የግሉኮስ አጠቃቀም መቀነስ የታየው ምልክቱ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። አስር ዓመት! ረሃቡ የበሽታው መነሻ ነው ወይስ ውጤቱ የሚለው ክርክር አላለቀም። በታማሚዎቹ አንጎል ውስጥ የሚከማቹት አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለጤና ፖሊሲ ግን ይህ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የስኳር በሽታ የመርሳት በሽታን አደጋ እንደሚጨምር እናንተም ታውቃላችሁ።

ይህን ረሃብ በምስል የሚያሳየው ፔት ስካን ነው። ለዚህ ምርመራ በታማሚው ደም ውስጥ የሚሰጠው ፍሎሪን-18 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በ110 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ያልቃል። የንጥረ ነገሩ ማምረቻ ቅርብ ካልሆነ ምርመራው የለም ማለት ነው። በእናንተው አኃዝ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አብዛኞቹ ይህን ማሽን በዓይናቸው ሳያዩ ያልፋሉ። የማስታወስ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ማሽን አያስፈልግም። ጥቂት ደቂቃ፣ ወረቀትና የሚያዳምጥ ጤና ባለሙያ ይበቃል።

ሰውነት ከስብ ስለሚሠራው ኬቶን ስለሚባለው ሌላ የአንጎል ምግብም አንድ ነገር ልበል። የታመመ አንጎል ግሉኮስ ቢያቅተውም ኬቶንን የመጠቀም አቅሙ ብዙም እንደማይጎዳ ታይቷል። ተስፋ አለው። ግን ተስፋን ቀድመው የሚሸጡ አሉ፣ ጭንቅ የያዘው ቤተሰብ ደግሞ ያለውን አውጥቶ ይገዛል። በአፍንጫ የሚሰጥ ኢንሱሊንም ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ትልቅ ሙከራ ግን የተጠበቀውን ጥቅም አላሳየም። ምን እንደተረጋገጠና ምን እንዳልተረጋገጠ ማንም በሚገባው ቋንቋ ንገሩን።

ዋናው ልመናዬ ግን አንድ ነው። ለአገሮች በምታወጡት የስኳር ሕክምና መመሪያ ውስጥ የማስታወስ ምርመራ ይግባ፤ እርጅና ሳይጠበቅ፣ ከጎልማሳነት ጀምሮ። የእናቴ የክትትል ካርድ ላይ ለስኳር፣ ለግፊትና ለእግር ቦታ አለ። ከእነሱ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቷን የምታስታምም ልጅ