ስም የሌለው ድንጋይ እንዳታቆሙ

ወንድምዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። ደህና መሆናችሁን ሚጡ ነግራኛለች፣ እኔም ደህና ነኝ። ብሩን ልኬያለሁ። መጀመሪያ የአባዬን መድኃኒት ግዛ። ከዚያ የሚጡ ሠርግ። የተረፈው ዕድሩ ለሚያሠራው የአርበኞች ሐውልት ነው፣ ስለሱ ብዙ የምለው አለኝ።

በቴሌግራም የላክኸውን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ከአንዴም በላይ ሰምቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ከኋላ እማዬ ዶሮ ስታባርር ይሰማል። "የት ጠፋሽ፣ ጣሊያን ሆንሽ እንዴ" ያልከው ግን ደስ አላለኝም። አልጠፋሁም። የሶጆርኖ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ እድሳቱ ነበር፣ ሥራም ቀይሬያለሁ። አሁን የምንከባከባቸው ሴትዮ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው፣ ሰዓቴ አብዛኛው የሳቸው ነው። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፣ ሲነሱ ስደግፋቸው ነው። ይቺን ለእማዬ አታንብብላት።

አባዬ "ለግራዚያኒ መታሰቢያ የሠሩለት መንደር ነው ወይ ያለችው" ብሎ ጠይቆኛል ብለሃል። አይደለም በለው። ያቺ አፊሌ የምትባል መንደር ናት፣ ከሮም በስተምሥራቅ፣ እሱ ራሱ የተቀበረባት። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ነው የመረቁት፣ ያውም በመንግሥት ብር። በየካቲት 12 አዲስ አበባን ሦስት ቀን ላስጨፈጨፈ፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ላስረሸነ ሰው! እዚሁ አገር ራሱ ብዙ ሰው ተቃውሞታል። እኔ ያለሁበት ሌላ ነው። ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ወርዶ ሽማግሌ ብቻ የቀረባት።

ግን ሐውልትስ አላት። እዚህ አገር ሐውልት የሌለው መንደር ማግኘት ይቸግራል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ስለሞተባቸው፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ልጆች ስም ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ከ1922 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የተማሪ ቤት ልጆች ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ ዛፍ እንዲተክሉ ተደረገ። እኛም መንደር አሉ ዛፎቹ፣ ጠዋት ጠዋት ሴትዮዋን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ እዛ ጥላ ሥር ነው የምናርፈው። በየዓመቱ ጥቅምት 25፣ ጦርነቱ ያበቃበት ቀን ነው፣ ከንቲባው የአበባ ጉንጉን ያኖራል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ስሞቹ በፊደል ተራ ነው የተጻፉት። ከላይ የመጀመሪያው ጦርነት፣ ረዥም ነው። ከታች የሁለተኛው። መሃል ላይ ግን ሁለት ስም ብቻ ለብቻው አለ፣ ከጎኑ "ምሥራቅ አፍሪካ 1936" ይላል። የኛው 1928 ማለት ነው። መጀመሪያ ሳየው እግሬ ተሳሰረ። ሴትዮዋ ደግሞ በጣታቸው እያሳዩ "ይሄ አጎቴ ነው" አይሉኝም!

አባዬ "የሶላቶ ዘር ታስታምሚያለሽ" እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። የሱ መድኃኒት የሚገዛው በዚችው ደመወዝ ነው። (ይቺንም ዝለላት፣ ኋላ ሲናደድ ስኳሩ ይጨምራል።)

ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። አንድ ቀን ከመሳቢያ አንድ ቀለበት አውጥተው አሳዩኝ፣ ብረት ነው። የእናታቸው ነው። ሙሶሎኒ እኛን ሊወጋ ዘምቶ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልበት፣ በታኅሣሥ 1928 የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለአገር እንዲሰጡ ተጠርተው ነበር። ሮም ላይ ንግሥቲቱ ቀድማ ሰጠች። በየአገሩም ሴቱ በየሐውልቱ ሥር እየሄደ ወርቁን ሰጠ፣ በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጠው። የሴትዮዋም እናት እዛው መንደር፣ እዛው ድንጋይ ሥር ነው ያወለቁት። ወንድማቸው ያኔ ዘምቷል። ወርቁም ሄደ፣ ወንድምየውም አልተመለሰ። የት እንደሞተ እንኳ አያውቁም፣ "አፍሪካ" ነው የሚሉት።

አላዘንኩም ብልህ ዋሸሁ። ግን ማታ ተኝቼ የመጣብኝ ሌላ ነው። ያ ሰው ድረስ ያለው የለም፣ አገር አቋርጦ መጥቶ ነው የሞተው፣ ስሙ ግን ዛሬም ይጠረጋል። የአባዬ አያት ደጃቸው ላይ ነው የሞቱት። ሐምሌ 21 ቀን 1928፣ ደጃዝማች አበራ ካሣ በፍቼ በኩል ሲመጡ፣ ከሱሉልታ ተነስተው እንጦጦን ተሻግረው አዲስ አበባን ከጣሊያን ሊያስለቅቁ ከገቡት አርበኞች ጋር። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ በሌላ በኩል የሚመጣው ጦር በሰዓቱ አልደረሰም። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። እሳቸውስ ሐውልት አላቸው፣ በባቡሩ ሥራ ጊዜ ተነስቶ እንኳ ተመልሶ ቆሟል። የኛዎቹ ግን ሬሳቸውም አልተገኘ።

ስለዚህ ኮሚቴው "ለጀግኖች አርበኞች መታሰቢያ" ብቻ ብለን እንጻፍ፣ ስም ከገባ ጠብ ይነሳል አለ ስትለኝ ተበሳጨሁ። ምክንያቱ ይገባኛል። የአንዱ አያት አርበኛ ተብሎ ሲጻፍ፣ ጎረቤቱ "ያንተማ ባንዳ ነበሩ" ሊባል ነው። የማንን እንደሚሉም አውቃለሁ። ይባባሉ! የባንዳውን ስም ጻፉ ያለ የለም። ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ ለባንዳ ልጅ ይሉኝታ ብለን የሟቾቹን ስም እንደብቅ? የላክሁት ብር ለስም መቅረጫ ነው። ስም ከሌለበት ለአጥር ይሁን፣ ለሲሚንቶ አትስጣቸው።

ደግሞ አንድ ነገር። አያትየው ብቻ አይደሉም። ሚስታቸውም አሉ፣ በሌሊት ስንቅና ጥይት በእንስራ የሚያወጡት የነበሩ። ሁላችንም "የአባዬ ሴት አያት" እያልን እንጂ ስማቸውን አናውቅም። እኔ አላውቅም፣ እማዬም አታውቅም። የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ባለፈው ስልክ ላይ እኔን በሚጡ ስም ጠራኝ። ሳቅሁለት፣ ከዘጋሁ በኋላ ግን ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስሁ። እና ዛሬውኑ ጠይቀው። ጠዋት ቡና ላይ፣ ልቡ ክፍት በሆነበት ሰዓት። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የትውልድ ቀበሌያቸውን። ሲያወራ ቅዳ። ዓይኑንም ስላመመው ሐኪም ቤት ውሰደው፣ "ነገ" ሲል አትስማው።

ለሐውልቱ ዙሪያም ባሕር ዛፍ እንዳይተክሉ። ሱሉልታ ባሕር ዛፍ አነሳት? ጥድ ወይ ዝግባ ይሁን፣ በየስሙ አንድ።

የሚጡ ነገር። ወርቅ ተወዷልና የብር ቀለበት ይበቃናል ብላኛለች፣ እጮኛዋም ተስማምቷል። እኔ አልተስማማሁም። ልዩነቱን ልኬዋለሁ፣ ወርቅ ይግዙ። ከመጠን ያለፈ ድንኳንና ቪዲዮ ይቅር፣ ወርቁ ግን አይቅር። ልመጣ አልችልም፣ ለፈቃድ የሚተካኝ ሰው የለም፣ ትኬቱንም አስበው። የአጃቢዎቹን ዘፈን በቪዲዮ ኮል ያዙልኝ፣ ስልኩን ግን እማዬ እጅ ላይ እንዳትሰጥ፣ ጣሪያውን ነው የምታሳየኝ።

ጫማዋን እኔ ነኝ የምገዛው፣ ነጭ፣ ተረከዙ አጭር። ባለፈው 38 ብላኝ ጠበባት። እግሯን ወረቀት ላይ አቁመህ በእርሳስ ዙርና ፎቶውን ላክልኝ።

እህትህ