የነገው በረዶ ሳይመጣ ቢቀር የምድር ሙቀት ሐሰት አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ የወጣውን «የነገን በረዶ ያላወቁ የመቶ ዓመቱን ሙቀት እንዴት ያውቃሉ?» የሚለውን የአንባቢ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊው ንዴት ይገባኛል። 8 ኢንች በረዶ ይወርዳል ተብሎ ሱቅ ዘግቶ ውሎ፣ ዝናብ ብቻ ጠብ ጠብ ብሎ ሲያልፍ ማንም ይበሳጫል። ወንድማችን ግን ከዚያ ተነስተው የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው ብለዋል። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጋዜጣችሁን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ የሚያነቡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚያነቡትንም ያምናሉ።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እኛ ዘንድ በረዶ መጣ ብሎ መቅረት የለም፤ አዛውንቶቹ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰድ፣ መታጠብ፣ መገላበጥ አለባቸው። ስለዚህ ትንበያው ሲከብድ «የሁለት ቀን ልብስ ይዛችሁ ኑ» እንባላለን። ማርች 5 ቀን 2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማታ ልጄን ጎረቤት ዘንድ ትቼ ገባሁ። በማግስቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፣ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ዋሽንግተን ከተማ ላይ የወረደው ግን አብዛኛው ዝናብ ነበር። ልጄ ያለ እኔ ያደረችበት፣ እኔም ወንበር ላይ የተኛሁበት ሌሊት አልተከፈለኝም። ያን ጊዜ ከቀጣሪዬ ይልቅ የተናደድኩት በቴሌቪዥኑ ትንበያ ነጋሪ ላይ ነበር።

ኋላ ነገሩን ሳነብ ግን ማዕበሉ አለመቅረቱን ተረዳሁ። በዚያው ቀን በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ከአንድ ጫማ በላይ በረዶ ተቆልሏል። ውኃው እኛም ጋ መጥቷል። የጎደለው ብርዱ ነበር፤ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከበረዶ መሥሪያው ልክ፣ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። ለእኛ ጥቂት ዲግሪ ማለት ሹራብ ላይ ሹራብ መደረብና አለመደረብ ነው። ለደመናው ግን በረዶና ዝናብ የሚለዩበት ድንበር ነው።

የምንኖርበት ሰፈር ደግሞ ለትንበያ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከሰሜን ወርዶ የአፓላቺያን ተራሮችን ሥር ተደግፎ ይቀመጣል፤ ከምሥራቅ የቼሳፒክ ወሽመጥና አትላንቲክ ለብ ያለ አየር ይልካሉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚፋለሙት በኢንተርስቴት 95 ግራና ቀኝ ነው፤ ማለትም በመኪና የምንመላለስበት መንገድ ላይ። የማዕበሉ እምብርት 50 ማይል ወደ የብሱ ቢጠጋ በረዶው ዝናብ ይሆናል፤ ያንኑ ያህል ወደ ባሕሩ ቢርቅ ደመና ብቻ አይተን ልናመሽ እንችላለን። በዚያ ላይ አንድ ኢንች ውኃ በግርድፉ 10 ኢንች በረዶ ስለሚሆን፣ በውኃው ልክ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በአካፋ ስንጠርገው አሥር እጥፍ ትሆናለች። በፌብሩዋሪ 2010 የወረደውን ታላቅ በረዶ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 17.8 ኢንች ሲለካ ቨርጂኒያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 32.4 ነበር። አንድ ማዕበል፣ በሁለቱ መካከል 25 ማይል ያህል ርቀት። ታዲያ «ለዋሽንግተን አካባቢ ይህን ያህል» ተብሎ የሚነገር አንድ ቁጥር ለማን ልክ ሊሆን ይችላል?

የዚህ ችግር ምንጭ ከታወቀ ስልሳ ዓመት አልፎታል። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የአየር ስሌቱን በኮምፒውተር ሲደግም 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባው። የወጣው ውጤት ከፊተኛው ጋር ጥቂት ተጉዞ ፈጽሞ ተለያየ። ከሺህ አንድ የማይሞላ ልዩነት ሲውል ሲያድር ሌላ አየር ይወልዳል። ለዚህም ነው ዛሬ ትንበያ ሠሪዎች አንድ ስሌት ብቻ አምነው የማይቀመጡት። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ ያንኑ ማዕበል 50 ጊዜ ደጋግሞ ያሰላል፤ ሃምሳዎቹ ሲስማሙ ልብ ይሞላል፣ ሲበታተኑ ደግሞ መበታተናቸው ራሱ መረጃ ነው።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ስተርሊንግ ያለው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮም ከበረዶ በፊት የሚያወጣው ሦስት ካርታ ነው። አንዱ የሚጠበቀውን ያሳያል። ሁለተኛው ከአሥር አንድ ዕድል ያለውን ከፍተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአሥር አንድ ዕድል ያለውን ዝቅተኛውን ያሳያል። እኛ ጆሮ የሚደርሰው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ትልቁን ቁጥር ያየ ሰው በቫይበር ይበትነውና «ሰላሳ ኢንች ሊወርድ ነው» ሆኖ ያድራል። በማግስቱ ዝናብ ሲዘንብ ሳይንቲስቱ ዋሸ ይባላል። ሳይንቲስቱ ግን ዝናብ ብቻ የሚሆንበት ዕድል እንዳለ በካርታ ሥሎ አስቀምጦት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። የነገን ያላወቀ የመቶ ዓመቱን እንዴት ያውቃል? እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። አባቴ ባቄላ ይዘራ ነበር፤ የባቄላ ጠላት ውርጭ ነው። ውርጩ በየትኛው ሌሊት እንደሚወርድ አባቴ አንድም ቀን አውቆ አያውቅም። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ እንደሚበርድ፣ ቀዝቃዛው አየርም ወርዶ ረባዳው ላይ እንደሚተኛ ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ባቄላውን ከተረተሩ ላይ እንጂ ከረባዳው አይዘራም ነበር። ሌሊቱን አለማወቁ ወቅቱንና ቦታውን ከማወቅ አላገደውም። ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል ይባል የለ? የሐምሌ 12ን ዝናብ በሰዓቱ መናገር የሚችል ሰው የለም፤ ክረምት እንደሚመጣ የሚጠራጠርም የለም።

የምድር ሙቀት ነገርም ከዚህ ወገን ነው። የሚያሰሉት የአንዱን ማክሰኞ ደመና ሳይሆን ከፀሐይ ገብቶ ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ሚዛን ነው። ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት በብርጭቆ ሲሊንደር የተሞላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከተራው አየር ይበልጥ በፀሐይ እንደሚግል በሙከራ ያሳየችው በ1856 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት በተጀመረበት በ1958 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 315 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ቁጥር የዋሽንግተን ዝናብ አይቀይረውም። የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ በፌብሩዋሪ 2015 ምክር ቤት ውስጥ የበረዶ ድቡልቡል ይዘው ገብተው ወርውረዋል፤ ውጭው ብርድ ነው ለማለት ነበር። ያ ዓመት ሲያልቅ እስከዚያ ከተለኩት ዓመታት ሁሉ ሞቃታማው ሆኖ ተመዘገበ።

የምድር ሙቀት እውነት ነው በሚለው ወገን ላሉትም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ እኔ ራሴ ከእነሱ ጋር ብቆምም። በ2022–23 ዊንተር ሬገን ላይ በጠቅላላው 0.4 ኢንች በረዶ ብቻ ሲለካ፣ «ይኸው፣ በረዶ ቀረ» ያሉ ወዳጆች ነበሩኝ። በ2009–10 እዚያው ቦታ 56.1 ኢንች ነበር የወረደው። አንድ ባዶ ዓመትም አንድ ሙሉ ዓመትም ምስክር አይሆንም። ማየት ያለብን የረጅሙን ጊዜ ነው፤ ከ1981 እስከ 2010 የነበረው የዓመት አማካይ 15.4 ኢንች ሲሆን ከ1991 እስከ 2020 ያለው ወደ 13.7 ወርዷል። ደግሞም ሞቃት አየር በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ስለሚሸከም፣ ብርዱ የተገኘ ቀን ከባድ በረዶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በሙቀት ዘመን ታላቅ በረዶ ማየት ተቃርኖ የለውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በረዶ ሲጠበቅ ሦስቱንም ቁጥር አትሙ። ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ እንደ እኔ ሰው የሚያነሳው ወገናችን ሥራ መሄድ አለመሄዱን፣ ልጁን የት እንደሚያሳድር የሚወስነው በእሱ ነው። ከአሥር አንድ ዕድል ያለውን አደጋ ቀድሞ ቢያውቅ ይዘጋጃል፤ ሳይመጣ ቢቀርም ተታለልኩ አይልም።

ሁለተኛው የቃል ነገር ነው። በአማርኛ ሁሉንም «በረዶ» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ስኖውም በረዶ፣ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ መንገድ ላይ የረጋው ግግርም በረዶ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሲወርድ ዝናብ ሆኖ መሬት ሲነካ የሚረጋው ነው። ነጭ ስላልሆነ አይታይም። ባለፉት ዓመታት ዳሌያቸው ተሰብሮ ወደ እኛ ከመጡት አዛውንቶች መካከል «ዝናብ መስሎኝ ነው የወጣሁት» ያሉኝ አሉ፤ አንዷ የአገሬ ልጅ እናት ነበሩ፤ ዜናውን በአማርኛ ብቻ ነው የሚሰሙት። «መሬት ሲነካ የሚረጋ ዝናብ» ብላችሁ ብትጽፉ ረጅም ቢሆንም ሰው ይገባዋል። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ካለም ይላክላችሁ። ቃላቱን ሰብስቦ ለማዘጋጀት የሚረዳ ሰው ካስፈለጋችሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ውጭ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአረጋውያን ተንከባካቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ