የኩሬው ደረጃ ተንዷል፣ ባቱካማ ደግሞ ሶስት ሳምንት ቀረው

ሰላም የሃይደራባድ አበሾች፣ እንደገና እኔው ነኝ፣ እንደሰለቻችሁ ይገባኛል እኔንም ሰልችቶኛል። ያ ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ የሰፈራችንን ኩሬ ደረጃ ከነግንቡ ይዞት ወርዷል፣ ደረጃውን ለማሰራት የጀመርነው መዋጮ ደግሞ ግማሽ እንኳን አልሞላም።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ባቱካማ ሃይደራባድ ያለችበት የህንዱ ቴላንጋና ክልል ሴቶች ጋውሪ የምትባለዋን አምላካቸውን በአበባ የሚያከብሩበት የ9 ቀን በዓል ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ኩሬው ጢም ብሎ ሩዙ ማሳ ላይ ቆሞ እያለ ነው የሚውለው፣ የኛ አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን ማለት ነው። ታንጌዱ የሚሉትን ቢጫ አበባና ጉኑጉ የሚሉትን ሌላ አበባ ትሪ ላይ ዙሪያውን እየደረደሩ እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ አርገው ይቆልሉታል፣ ጫፉ ላይ ጋውሪን የምትወክል፣ ከእርድ የተድቦለቦለች ጋውራማ ትቀመጣለች፣ ማታ ማታ እያጨበጨቡ "ኡያሎ" እያሉ ይዞሩታል (አበባዮሽ ትዝ ያለው እኔን ብቻ አይመስለኝም) በመጨረሻም ይዘውት ኩሬው ውስጥ ይለቁታል። በምን ወርደው? በዛ ደረጃ! አሁን ያለው ጭቃ ብቻ ነው፣ አከራዬ እማማ ትሪውን አናታቸው ላይ ይዘው እዛ ሲንሸራተቱ ማየት አልፈልግም።

"አምና የሰጠነው የት ገባ" ላላችሁ፣ መብራቱና የብረት መደገፊያው ተሰርቶበታል፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው መጥታችሁ እዩ። መብራት ቅንጦት ነው ያለው ሰው አንድ ቀን ከሴቶቹ ጋር በጨለማ ይውረድ። መንግስት ይስራው ያላችሁም አላችሁ፣ አዎ ባቱካማ በፈረንጆቹ 2014 የክልሉ በዓል ተብሏል፣ ግን የኛን ሚጢጢ ኩሬ ማን ያስታውሳታል?

የጣዖት ነው ላላችሁኝ ደግሞ፣ እኔም ጿሚ ነኝ፣ ስገዱ አላልኳችሁም፣ ደረጃ ነው የምንሰራው። ኮቪድ ጊዜ ዶርም ተዘግቶ ስንቀር ሩዝና ምስር በር በራችን ያደረሱልን እነዚሁ እናቶች ናቸው።

በነፍስ ወከፍ 500 ሩፒ ነው፣ ኪውአር ኮዱ ፎቶው ላይ አለ፣ ማስታወሻው ላይ "ደረጃ" ብላችሁ ጻፉ። ብሩ ቀጥታ ሲሚንቶ ሻጩ ጋ ነው የሚገባው፣ በኮሚቴ እጅ አያልፍም። እባካችሁ "ደረጃ" ማለት እንዳትረሱ፣ ባለፈው 4 ሰው ዝም ብሎ ልኮ ሰውዬው የማን እንደሆነ ጠፍቶበት ስንጨቃጨቅ ዋልን።

ብር የሌለው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መጥቶ አሸዋ ይሸከም፣ ሻይ አለ። ኪውአሩ ፎቶው ላይ ነው። "ደረጃ" በሉ።