ወደ ባሕር የሚገባው ድልድይ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ዓሣ አጥማጆች ስለሚቆሙበት፣ ከዳር ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ስለሚዘልቀው ድልድይ ሳወራልዎ፣ «ማዶ የማያደርስ ድልድይ ምን ይረባል? እንጨቱስ ጨው ውኃ ውስጥ እንዴት ይከርማል?» ብለው ነበር። የአናጢ ጥያቄ ነውና በጥድፊያ መመለሱን አልወደድኩትም።

እንዲህ ያለውን ድልድይ ብዙ ጊዜ ለዓሣ ተብሎ አልሠሩትም። የባሕር ውኃ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጀልባው ከዳር ርቆ ይቀራል፣ መካከሉ ጭቃ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ወደ ራይድ ከተማ የሚመጡ መንገደኞች በሰው ጀርባ ታዝለው፣ ከዚያም በፈረስ ጋሪ ተጭነው ነበር ወደ የብስ የሚደርሱት። እ.ኤ.አ. በ1814 የእንጨት ድልድይ ተሠራላቸው፤ ድልድዩ ዛሬም መንገደኛ ያስተናግዳል። ሳውዝኤንድ በተባለች ሌላ ከተማ ደግሞ ውኃው እጅግ ስለሚሸሽ፣ ድልድዩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ ይዘልቃል።

ስለ እንጨቱ የጠረጠሩት ልክ ነው። ባሕር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡር ፍጥረት አለ። ትል ይመስላል እንጂ ከዛጎል ለበሶች ወገን ነው። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስለውን ምሰሶ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። ለዚህም ነው ብረት የተፈለገው። አሌክሳንደር ሚቸል የተባለ የአየርላንድ መሐንዲስ፣ ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ የብረት ምሰሶ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1833 በስሙ አስመዘገበ። ምሰሶው በመዶሻ አይመታም፤ እየተሽከረከረ አሸዋውን ሰርስሮ ይገባል። ሚቸል ዓይነ ስውር ነበር፣ አባባ። እርስዎ የሳንቃን ልስላሴ ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ሲመረምሩ እያየሁ ስላደግሁ፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታወሱኝ እርስዎ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ1855 ዩጂኒየስ በርች የተባለው መሐንዲስ በዚሁ ምሰሶ በእንግሊዝ አገር የማርጌት ከተማን ድልድይ ሠራ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሌሎችን ሠርቷል።

በአሜሪካ የሳንታ ሞኒካው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲከፈት ዋና ሥራው የከተማውን ፍሳሽ ቧንቧ ወደ ባሕር ማውጣት ነበር። ሕዝቡ ግን መናፈሻውና ዓሣ ማጥመጃው አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የከተማው ምክር ቤት ሊያፈርሰው ሲነሣ፣ ነዋሪው ተቃውሞ አስቀረው። ሰው የራሱ ያደረገውን ነገር በቀላሉ አይለቅም፤ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ዓሣው ለምን ወደዚያ እንደሚመጣ ደግሞ ልንገርዎ። ምሰሶዎቹ ላይ ዛጎል ለበሶችና የባሕር ሣር ይጣበቃሉ። እነርሱን ፍለጋ ትናንሽ ዓሦች ይመጣሉ፤ ትናንሾቹን ፍለጋ ትላልቆቹ ይከተላሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ሁልጊዜ ክሩን ወደ ሩቅ አይወረውርም፤ ብዙ ጊዜ ከእግሩ ሥር፣ ከምሰሶው ጥግ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ሌሊት የድልድዩ መብራት ውኃው ላይ ሲያርፍ ትናንሾቹ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ ትላልቆቹ ከጨለማው ጠርዝ ሆነው ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሰዎቹ ደንብ ነው። ዘንጉን ከመወርወሩ በፊት ሁሉም ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል፤ መንጠቆው የመንገደኛ ልጅ ዓይን ሊያገኝ ይችላልና። የአንዱን መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ከያዘው፣ ክሮች እንዳይወሳሰቡ ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን ይሰበስቡለታል። ድልድዩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከባድ ዓሣ በክር ብቻ ቢጎተት ክሩ ይበጠሳል፤ ስለዚህ በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ አላቸው። መረቡን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ስሙን እንኳ ላያውቀው ይችላል። ያልደረሰ ዓሣ ወደ ውኃው ይመለሳል። የተቆረጠ ክርም አይጣልም፤ የወፎችን እግር ጠልፎ ይገድላልና።

ለዚህ ጥቅም ጀልባ አያስፈልግም። በካሊፎርኒያማ ከባሕር ዳርቻ ወይም ከጀልባ ለሚያጠምድ አዋቂ ፈቃድ ግድ ሲሆን፣ በባሕር ላይ ካለ የሕዝብ ድልድይ ለሚያጠምድ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። አረጋውያን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች፣ ሕፃናት፣ ሁሉም አጥሩን ተደግፈው ከጥልቁ ውኃ በላይ ይሆናሉ።

ስለዚህ አባባ፣ «በዚህ ጉልበቴ ባሕር ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ነገር ይተዉት። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ደረጃ የለውም፤ መቀመጫም አለ። ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ውኃው ሞቅ በሚልበት ወር ይምጡ። ዘንጉንና መንጠቆውን እኔ አዘጋጃለሁ። እርስዎ ደግሞ ሳንቃዎቹን ይመርምሩልኝ፤ በሚስማር ከተመቱትና በብሎን ከታሰሩት የትኞቹ እንደሚሻሉ አይተው እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ። የትኛው ወር እንደሚመችዎ በሚቀጥለው ስንደዋወል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ